ጥፋቱ ከተራራው አይደለም

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ፣ ዳባትን ወደ ኋላ ትቶ፣ ወቅንን ከተሻገረ በኋላ ጉዞው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላ ደባርቅ ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የተቀመጠች ናት። በስተምሥራቅ የሰሜን ተራሮች ይጀምራሉ፤ በስተሰሜን መንገዱ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። ጧት ጧት ጉሙ ከገደሉ እየተነሣ የቤቶቹን የቆርቆሮ ጣራ ሲሸፍን፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ገበሬ ገብሱንና ድንቹን በአህያ ጭኖ ወደ ገበያ ይገባል። ከዚያው ጎዳና ዳር ደግሞ አንድ ወጣት ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ «ኔትወርክ አለ?» እያለ ጓደኛውን ሲጠይቅ ይሰማል። በዚህች ከተማ የሚኖር አንድ የአማርኛ መምህር አዲስ ላፕቶፕ በገዛ ሰሞን የደረሰበት ነገር፣ ሲያዩት ትንሽ ቢመስልም፣ ለሚያስተምርም ለሚማርም ቁም ነገር ያዘለ ነው።

መምህሩ ላፕቶፑን የገዛው ለራሱ መዝናኛ አልነበረም። እንደሚታወቀው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወረቀቱ ጎን ለጎን ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር፣ በኢንተርኔት አማካይነት መሰጠት ጀምሯል። በትልልቅ ከተሞች ለሚያድግ ልጅ ይህ ብዙም እንግዳ ነገር አይደለም። ከደባርቅ ዙሪያ ቀበሌዎች መጥቶ፣ ጎጆ ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ከቤተ ሰቡ ስንቅ እያስመጣ የሚማር ልጅ ግን 12ኛ ክፍል እስኪደርስ ድረስ የኮምፒዩተር ቁልፍ በጣቱ ነክቶ ላያውቅ ይችላል። መምህሩን ያሳሰበው ይህ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተማረ ልጅ፣ መልሱን እያወቀ፣ እውቀቱ ሳይሆን ጣቱ ቢጥለውስ?

ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ሲጥል የቆየው ዕቁብ በደረሰው ጊዜ ገንዘቡን ይዞ ወደ ጎንደር ወረደ። ገንዘቡ አስቀድሞ የታሰበለት ሌላ ጉዳይ ነበረው፤ የቤታቸው ጣራ ቆርቆሮ ዝጎ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈስስ ስለ ነበር ሊለወጥ ነበር። ባለቤቱ ነገሩን ካዳመጠች በኋላ «ጣራው አንድ ክረምት ይታገሠናል፤ ልጆቹ ግን አይታገሡም» ብላ ፈቀደችለት። መምህሩ በሚኒባስ ሲመለስ ዕቃውን ከጭኑ ላይ አላወረደውም።

የትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት መሥመር በሽቦ ተዘርግቶ እስከ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ይደርሳል። ከዚያም ራውተር የሚባለው ትንሽ መሣሪያ አገልግሎቱን ተቀብሎ ያለ ሽቦ ለአካባቢው ያሠራጫል። የቢሮው ኮምፒዩተር ከራውተሩ ጋር በኬብል የተገናኘ በመሆኑ ሥራው እንዲህ በቀላሉ አይስተጓጎልም። ከቢሮው ሁለት ግድግዳ አልፎ ቤተ መጻሕፍቱ ይገኛል። መምህሩ ላፕቶፑን ያኖረው በዚሁ ክፍል ሲሆን፣ ተማሪዎቹ ከትምህርት ሰዓት ውጭ በየተራ እየተቀመጡ የመለማመጃ ጥያቄዎችን እንዲሠሩ ፕሮግራም አወጣ።

በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሁለት ልጆች ጠረጴዛውን ከብበው ቆሙ። አንደኛው ተማሪ ሦስት ጥያቄ መልሶ ወደ አራተኛው ሊሻገር ሲል መሥመሩ ተቋረጠ። ተጠበቀ፤ ተመለሰ። ሁለተኛው ተማሪ ተቀመጠ፤ እንደገና ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል መምህሩ ገጹን ሲዘጋና ሲከፍት፣ ልጆቹም በአክብሮት ዝም ብለው ሲመለከቱት ቆዩ። በመጨረሻ ከተራራው ግርጌ መጥታ የምትማር አንዲት ልጅ፣ መምህሯ ሲያፍር አይታ ልታጽናናው አሰበችና «መምህር፣ አይድከሙ፤ ይኸ ነገር እኛ አገር አይሠራም» አለችው።

ልጅቱ ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም። ቃሏ መምህሩን ያሳመመውም ስለዚሁ ነው። በክፋት የተነገረን ቃል ይከራከሩታል። በቅንነት የተነገረ፣ ከልብ የታመነበት ቃል ግን መልስ ያሳጣል። መምህሩ በዚያች ሌሊት ያሰበው ስለ ላፕቶፑ አልነበረም። አንድ ልጅ «ይኸ ነገር በእኛ ዘንድ አይሆንም» የሚለውን እምነት ይዞ ፈተና ቢቀመጥ፣ የመጀመሪያው ችግር ሲያጋጥመው ብዕሩን እንደሚያስቀምጥ ያውቃል። እንግዲህ የተበላሸው የላፕቶፑ መሥመር ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

በማግሥቱ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጉዳዩ ሲነሣ ሁሉም የየራሱን ምክንያት ሰጠ። አንዱ «ተራራው ነው፤ ሞገዱን ይጋርደዋል» አለ። ሁለተኛው ጉሙን፣ ሦስተኛው የመብራቱን ኃይል መዋዠቅ ከሰሰ። አንዱ «ቫይረስ ገብቶበታል» ሲል፣ ሌላው ደግሞ በሐዘኔታ ራሱን እየነቀነቀ «ያታለሉህ ይመስለኛል፤ ዕቃው ኦሪጅናል አይደለም» አለው። ከእነዚህ ምክንያቶች መካከል ፈጽሞ የማይታሰብ የለም። ሆኖም ሁሉም የተነገሩት ዕቃውን ሳያዩ፣ ከወንበር ሳይነሡ ነበር።

ሰው እንዲህ ቢል የሚፈረድበት አይደለም። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ መብራት ሲጠፋ መሥመሩም አብሮ ይጠፋል። ለዚህ የተጋለጠ ሕዝብ መቋረጥን እንደ ውርጭና እንደ በረዶ ቆጥሮ መቀበልን ይለምዳል። ልማዱ ግን አንድ አደጋ አለው። ሁሉም መቋረጥ ከአንድ ምንጭ የመጣ መስሎ ስለሚታይ፣ በእጅ የሚስተካከለውም ከማይስተካከለው ጋር አብሮ ይተዋል።

ዓይን የማያየው ነገር ለግምት የተመቸ ነው። ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ፣ አካል የሌለው ድምፅ ሲናገር የሰሙ አንዳንድ ሰዎች የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙት ይነገራል። ድምፁ ግን በሽቦ የሚጓዝ፣ ምክንያትና ሕግ ያለው ነገር ነበር። ያለ ሽቦ የሚደረገውም ግንኙነት እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ብርሃንና የኤሌክትሪክ ሞገድ የአንድ ቤተ ሰብ አባላት መሆናቸውን በሒሳብ አሳየ። ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ኸርትስ ደግሞ በ1880ዎቹ መጨረሻ ሞገዱን በቤተ ሙከራው አስነሥቶ አረጋገጠ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወረራ ሲቃረብ የኢትዮጵያን አቤቱታ ከአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ ወደ ውጭው ዓለም ያደረሰው ይኸው የማይታይ ሞገድ ነው። ዛሬ ዋይፋይ የምንለው ሽቦ አልባ መገናኛ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ደንብ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ ክፍት ሆነ።

መምህሩ ይህን ሁሉ ከፊዚክስ መምህሩ ጓደኛው ጋር ሲያወራ አንድ ቀላል ነገር ተገለጠለት። ራውተሩ በቢሮው ውስጥ ነው፤ ላፕቶፑ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሃያ እርምጃ አይሞላም። የሰሜን ተራሮች ትልቅነት የማይካድ ነው፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ይደርሳል። ነገር ግን ተራራው በራውተሩና በላፕቶፑ መካከል አልቆመም። መሥመሩ እስከ ቢሮው ድረስ በሽቦ በደኅና ከደረሰና የቢሮው ኮምፒዩተርም ሳይቋረጥ ከሠራ፣ ጥፋቱ መፈለግ ያለበት በእነዚያ ሃያ እርምጃዎች ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ መምህሩ የመጀመሪያውን ስሕተት ሠራ። ቸኩሎ ነበርና በአንድ ከሰዓት በኋላ አምስት ነገር ለወጠ። ራውተሩን አጥፍቶ አበራ፤ የይለፍ ቃሉን ሰርዞ እንደገና አስገባ፤ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠጋ፤ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ጋር አገናኘ፤ የማያስፈልጉ መስለው የታዩትን ፕሮግራሞች አጠፋ። መሥመሩ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳይቋረጥ ቆየ። ልጆቹ ደስ አላቸው፤ እሱም ደስ አለው። በማግሥቱ ግን ችግሩ ተመልሶ መጣ። ትናንት የረዳው የትኛው እንደ ነበረ ሊያውቅ አልቻለም። አምስት መድኃኒት በአንድ ጊዜ የጠጣ በሽተኛ ቢሻለው የትኛውን እንደሚያመሰግን፣ ቢብስበትም የትኛውን እንደሚተው አያውቅም።

ስለዚህ አንድ የደብተር ገጽ በመስመር ከፋፍሎ መጻፍ ጀመረ፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ላፕቶፑ በባትሪ ወይም በቻርጀር መሥራቱን፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው ቦታ የእጅ ስልኩ ከራውተሩ ጋር መገናኘት አለመገናኘቱን። ከሁሉ የጠቀመው ይህ የመጨረሻው ነው። ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ከተቋረጡ ጥፋቱ ሁለቱ በጋራ ከሚጠቀሙበት ነገር ነው። አንዱ ተቋርጦ ሌላው ከቀጠለ ግን ጥፋቱ ከተቋረጠው ዘንድ ነው። ይህን ለመገንዘብ የመሐንዲስ ዕውቀት አያስፈልግም፤ ፍርድ ቤት ሁለት ምስክር የሚጠራበት ምክንያት ያው ነው።

ደብተሩ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ነገር ተናገረ። መምህሩ ላፕቶፑን ከራውተሩ አጠገብ፣ በቢሮው ውስጥ አድርጎ በሞከረ ጊዜም መሥመሩ አንዳንዴ ጭራሹን ይጠፋ ነበር፤ ስልኩ ግን ይሠራል። እንግዲህ ከጥፋቱ ቢያንስ አንዱ በራሱ በላፕቶፑ ውስጥ ነበር።

ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ዳባት ሄደ። በዚያ አንዲት የቀድሞ ተማሪው ስልክና ኮምፒዩተር የምትጠግንበት ትንሽ ሱቅ አላት። ልጅቱ መምህሯን ስታይ ከወንበሯ ተነሥታ «መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? ምን እግር ጣለዎት?» ብላ ተቀበለችው። ላፕቶፑን ከቻርጀር ጋር አገናኝታ፣ በራሷ ስልክ መሥመር ከፍታ ሞከረችው። አንድ ሰዓት ሙሉ አልተቋረጠም። መምህሩ አፈረ፤ ሐኪም ደጅ ሲደርስ ሕመሙ የጠፋለትን ሰው መሰለ።

«ልጄ፣ ከቤት ስወጣ እንዲህ አልነበረም» አላት።

«አምንዎታለሁ» አለች ልጅቱ። «ጠባዩን እስኪያሳየን እንጠብቀው።» ደብተሩንም ተቀብላ በጥንቃቄ አነበበችው። ከዚያ ጣቷን በአንድ ዓምድ ላይ አሳርፋ «ይመልከቱ፣ ስልኩ እየሠራ ላፕቶፑ ብቻውን የጠፋበት ቀን ሁሉ በባትሪ ነው» አለችው። መምህሩ ራሱ የጻፈውን ነገር ራሱ ሳያየው ቀርቶ ነበር። ልጅቱ ቻርጀሩን ነቀለች፤ ቡና ቀረበ። ሁለተኛው ሲኒ ሳይደርስ የመሥመሩ ምልክት ጠፋ። ቻርጀሩን ስትሰካው ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ ሁለት ጊዜም እንዲሁ ሆነ።

ምክንያቱን በቀላል ቃል አስረዳችው። ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ ይጥራል፤ ለዚህም ሥራ የፈታ የመሰለውን የአካል ክፍል እንዲያንቀላፋ ያደርጋል። ሽቦ አልባውን ግንኙነት የሚያከናውነው ክፍልም ከእነዚህ አንዱ ነው። ተማሪው አንድ ጥያቄ እያነበበ ለጥቂት ደቂቃ ቁልፍ ሳይነካ ሲቆይ፣ ማሽኑ ሥራ ያለቀ መስሎት ያንን ክፍል ያጠፋዋል፤ ከዚያ ሲቀሰቀስ ቶሎ አይነቃም። ልጅቱ ከማስተካከያዎቹ መካከል «ኃይል ለመቆጠብ ኮምፒዩተሩ ይህን መሣሪያ እንዲያጠፋው መፍቀድ» የሚል ትርጉም ያለውን መስመር አግኝታ ምልክቱን አነሣች። ከዚያ ቻርጀሩን ነቅላ እንደገና አስቀመጠችው። ቡናው እስከ በረካው ተጠጣ፤ መሥመሩ አልተቋረጠም።

ሒሳብ ለመቀበል እምቢ አለች። ሲሰናበታት ግን አንድ ነገር አስጠነቀቀችው፦ «መምህር፣ ዛሬ የለወጥነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌላ ችግር ቢያዩ ይህንን አይመልሱት፤ ለብቻው ይጻፉት።»

ምክሯ በሰኞው ዕለት አስፈለገ። መምህሩ በሙሉ ተስፋ ልጆቹን ሰብስቦ ላፕቶፑን ከፈተ። መሥመሩ አለ፤ ነገር ግን ገጹ እስኪወጣ ድረስ ይጎተታል፤ አንዳንዴም መሀል ላይ ይቆማል። ከልጆቹ አንዱ ቀስ ብሎ ሳቀ። መምህሩ የዳባቱ ጥገና ከንቱ እንደ ሆነ ቆጥሮ ማስተካከያውን ወደ ቀድሞው ሊመልስ እጁን ከሰነዘረ በኋላ የልጅቱ ቃል ትዝ አለውና ደብተሩን አነሣ።

ደብተሩ ያሳየው ነገር የተለየ ነበር። ቀድሞ መሥመሩ በድንገት ጭራሹን ይጠፋ ነበር፤ አሁን አይጠፋም፤ ይደክማል እንጂ። ቀድሞ ላፕቶፑ ሲቋረጥ ስልኩ ይሠራ ነበር፤ አሁን ግን በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሁለቱም እኩል ይደክማሉ። ቀድሞ በቢሮውም ውስጥ ይጠፋ ነበር፤ አሁን በቢሮው ውስጥ ደኅና ነው። ይህ ያው የድሮው ጥፋት አልነበረም፤ ሁለተኛ ጥፋት ነው። ሁለቱ አብረው ስለ ኖሩ አንዱ ሌላውን ሸፍኖት ቆይቷል። አንደኛው ባይወገድ ኖሮ ሁለተኛው አይታይም ነበር። ቅኔ የሚያስተምር ሰው ይህን ነገር መረዳት ነበረበት ብሎ መምህሩ በራሱ ሳቀ፤ ሰሙን ፈትቶ ያበቃ የመሰለው ሰው ወርቁ ገና ከሥር እንዳለ አላስተዋለም።

በዚያን ዕለት ማታ መምህሩ አምሽቶ ሲወጣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እሳት እየሞቁ አገኛቸው። ሽማግሌው በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት ውስጥ የመገናኛ ራዲዮ ሠራተኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ስለ ላፕቶፕ የሚያውቁት ነገር የለም። ሆኖም መምህሩ ሲያዝን አይተው ጠየቁት፤ እሱም ነገራቸው።

«ማሠራጫው የት ነው ያለው?» አሉት።

«ቢሮ ውስጥ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ከቢሮው የት ላይ?»

መምህሩ ለመመለስ አንድ አፍታ ዘገየ። ራውተሩ የሚገኘው በብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ከዚህ ቀደም አንድ ዕቃ ከቢሮው ስለ ጠፋ ርእሰ መምህሩ ራውተሩን በቁም ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጠው በጓጉንቸር ይቆልፉበታል፤ ሽቦዎቹ በስተኋላ በተበሳው ቀዳዳ ይገባሉ። የቢሮው ኮምፒዩተር በኬብል ስለሚሠራ በዚህ ምክንያት የተቸገረ ሰው አልነበረም። መምህሩ ራውተሩን ሊያጠፋና ሊያበራ ቁልፉን ተቀብሎ ሲከፍት፣ ላፕቶፑንም በቢሮው ሲሞክር ስንት ጊዜ በዚያ ቁም ሳጥን ፊት ቆሟል!

ሽማግሌው ሲሰሙ ሳቃቸው መጣ። «እንዴ መምህር! እኛ ራዲዮናችንን ይዘን ገደል ሥር ስንገባ የሚሰማን ስላልነበረ አንቴናውን ተሸክመን ወደ ገላጣ እንወጣ ነበር። እናንተ ደግሞ አንቴናውን ብረት ውስጥ ከታችሁ ትቆልፉበታላችሁ?»

ሽማግሌው በልምድ የተናገሩትን ሳይንስ አስቀድሞ አረጋግጦታል። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1836 አንድ ክፍል በብረት ቅጠል ሸፍኖ በውጭ ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ውስጥ እንደማይዘልቅ በሙከራ አሳየ። ብረት የኤሌክትሪክ ሞገድን እንደ መስተዋት ይመልሰዋል። በብረት ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ ራውተር አብዛኛውን ሞገዱን ለቁም ሳጥኑ ግድግዳ ይናገራል፤ ወደ ውጭ የሚወጣው በበሩ ስንጥቅና በሽቦው ቀዳዳ የሚያመልጠው ነው። ያ የተረፈው በቢሮው ውስጥ ላለ ሰው ይበቃል፤ ሁለት የድንጋይ ግድግዳ አልፎ ቤተ መጻሕፍቱ ሲደርስ ግን ይደክማል።

በማግሥቱ ጧት መምህሩ የዳባቷን ልጅ ምክር ተከትሎ አንድ ነገር ብቻ ለወጠ፤ ርእሰ መምህሩን አስፈቅዶ የቁም ሳጥኑን በር ከፍቶ ተወው። በቤተ መጻሕፍቱ አንድ የነበረው የምልክት መስመር ወደ ሁለት ከፍ አለ። ከዚያ ራውተሩን አውጥቶ ከግድግዳው ከፍ ባለ ቦታ ላይ አኖረው፤ ወደ ሦስት ወጣ። ጉዳዩ ተፈታ ለማለት ግን ገና ነበር። የርእሰ መምህሩ ሥጋት ተገቢ ሥጋት ነውና። የሕዝብ ንብረት በኃላፊነት የተረከበ ሰው ቢቆልፍበት አይነቀፍም፤ የሚነቀፈው የተቆለፈበት ሣጥን ከብረት መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ የከተማው አናጢ ከእንጨት ሣጥን ሠራ፤ አየር እንዲያገኝ ጎኑን በሳሳው፤ ከጣራው ሥር በግድግዳው ላይ በረጅም ምስማር መታው። ጓጉንቸሩም ከብረቱ ቁም ሳጥን ወጥቶ በእንጨቱ ሣጥን ላይ ገባ። ሞገዱ በደረቅ እንጨት ውስጥ ያለ ብዙ ችግር ያልፋል።

ከዚህ በኋላ የቀረችው ትንሽ ነገር ነበረች። ራውተሩ በሁለት ዓይነት ሞገድ ያሠራጫል። አንደኛው በሰከንድ 2.4 ቢሊዮን ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ሲሆን የአንዱ ሞገድ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁለተኛው በሰከንድ 5 ቢሊዮን ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ ርዝመቱም የመጀመሪያው ግማሽ አይሞላም። ፈጣኑ ይኸኛው ነው፤ ግን ግድግዳ ሲያጋጥመው ቶሎ ይደክማል። ላፕቶፑ ፍጥነትን ፈልጎ በየጊዜው ወደ ሁለተኛው ይዘል ነበር። መምህሩ ለቤተ መጻሕፍቱ የመጀመሪያውን መረጠለት። ዝግ ይላል፤ ይደርሳል። ተማሪዎቹ የሚያስፈልጋቸውም የሚደርሰው ነው።

ይህ ሁሉ ማለት በደባርቅ መሥመር አይቋረጥም ማለት አይደለም። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ይጠፋል። ከሩቅ የሚመጣው ሽቦ ሲበጠስ የመምህሩ ደብተር አይቀጥለውም። ተራራም ቢሆን ሞገድ አይጋርድም አይባልም፤ የስልክ ማማዎች በየኮረብታው አናት ላይ የሚተከሉት በከንቱ አይደለም። መምህሩ ያገኘው ትርፍ መለየቱ ነው። በደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ ጨመረ፤ አንዱን «ከእኛ» ሁለተኛውን «ከእኛ ያልሆነ» አለው። ከእኛ ያልሆነው ለሚመለከተው ክፍል በአግባቡ ይጻፋል። ከእኛ የሆነው ግን ዛሬውኑ ይስተካከላል። ቀድሞ ሁሉም በአንድ ዓምድ ውስጥ ስለ ነበረ ሁሉም ሳይነካ ይቀመጥ ነበር።

«በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይባላል። ሰው የቅርቡን ነገር ይንቃል፤ ደግንም ቢሆን መድኃኒትን። የቅርቡን ምክንያትም እንዲሁ ይንቃል። ተራራውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ተራራ አይመልስም፤ ደግሞም ማንም ሰው ተነሥቶ አስተካክለው አይባልም። ቁም ሳጥኑን መውቀስ ግን ከወንበር መነሣትን፣ ቁልፍ መለመንን፣ አለቃ ማስፈቀድን፣ አናጢ መጥራትን ይጠይቃል። ብዙ የሥራ ጥፋት በየመሥሪያ ቤቱ ሳይነካ ዕድሜውን የሚፈጀው ምክንያቱ ስለ ረቀቀ ላይሆን ይችላል፤ በጣም ስለ ቀረበና መንካቱ ሰውን ስለሚያስነሣ ይሆናል። ይህን ጥፋት ያገኙትም ትልቅ መሣሪያ የያዙ ሊቃውንት አልነበሩም፤ በዳባት ትንሽ ሱቅ ያላት ልጅ፣ ራዲዮ ተሸክመው ገደል የወጡ ሽማግሌና የታየውን እንደ ታየ የጻፈ አንድ ደብተር ናቸው። መምህሩ ያደረገው ሦስቱን ማገናኘት ነው፤ ይህም ራሱ የመምህር ሥራ ነው።

ልጆቹ አሁን በየተራ እየተቀመጡ ይለማመዳሉ። የመምህሩ ቤት ጣራ ዘንድሮም ያፈስሳል፤ ባለቤቱ ከሥሩ ሳፋ አኑራበታለች። ደብተሩ ከላፕቶፑ ጠረጴዛ እግር ጋር በሲባጎ ታስሮ ይገኛል፤ የሚጽፉበትም ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። «እኛ አገር አይሠራም» ያለችው ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ሳለች መሥመሩ ተቋረጠባት። መምህሩ በማግሥቱ ደብተሩን ሲከፍት እንዲህ የሚል ጽሑፍ አገኘ፦

«ከቀኑ 9 ሰዓት ከሩብ። ተቋረጠ። መብራት አለ። በባትሪ አይደለም። ስልክ ተውሼ ሞከርሁ፤ ስልኩም ተቋርጧል። ቢሮ ሄጄ ጠየቅሁ፤ በኬብል ያለውም ተቋርጧል። ስለዚህ ከላፕቶፑም ከሣጥኑም አይደለም፤ ከውጭ ነው። እስኪመለስ ድረስ በወረቀት ሠራሁ።»